አዲስ ስፒከር፣ የጠፋ ቤዝ

የመኪናውን በር አሮጌ ስፒከር አስነቅሎ በአዲስ ያስተካ ሰው፣ ቤዙ ጠፍቶ ቀጭኑ ድምፅ ብቻ ጆሮውን ሲወጋው፣ ሻጩን ከመውቀሱ በፊት፣ ቅድመ ሁሉ የሽቦውን ነገር ይመርምር። የአንዱ በር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተገላብጦ ታስሮ እንደ ሆነ፣ ዜማ እንዳልገጠመላቸው ግራ ጌታና ቀኝ ጌታ፣ አንዱ ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ስለሚስብ፣ ወፍራሙ ድምፅ በአየር ላይ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ምልክቱም ባላንሱን ወደ አንድ ወገን ሲያዞሩት ቤዙ መመለሱ ነው። ከቴፑ በተለየው ሽቦ ላይ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ቢያስነኩ፣ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ሲገጥም የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ብቅ ይላል። ሽቦው ደኅና ከሆነ፣ በስፒከሩና በበሩ ቆርቆሮ መካከል ያለው ክፍተት በስፖንጅ ይደፈን፤ የኋላው አየር በዚያ ሾልኮ የፊቱን ድምፅ ያጠፋዋልና። በሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የላላ የበር ሽፋን ነው።