በባዕድ ዳኛ ፊት ስለሚቀርብ ጥያቄ



በስማዳ ወረዳ ያደገ ሰው «አገርህ የት ነው?» ቢሉት «ወገዳ» ይላል። «መቼ ታሰርህ?» ቢሉትም «ለኅዳር ሚካኤል» ብሎ ይመልሳል፤ የሰማውም ሁሉ ይረዳዋል። ይኸው ሰው ጥገኝነት ጠይቆ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት በቆመ ጊዜ ግን፣ ከሁሉ የቀለሉት ጥያቄዎች ከሁሉ የከበዱ ይሆኑበታል።

የፍርድ ቤቱ ዋና ጥያቄ የታወቀ ነው። አመልካቹ ወደ አገሩ ቢመለስ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አስተያየቱ ወይም የአንድ ማኅበራዊ ወገን አባል በመሆኑ ይሳደዳልን? ይህ አነጋገር በ1943 ዓ.ም. በጄኔቭ ከተደረገው ስምምነት የመጣ ነው። የማስረዳቱ ሸክም በአመልካቹ ላይ ነውና፣ ማን ጎዳህ፣ ስለ ምን ጎዳህ፣ ከወገዳ ሸሽተህ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ለመቀመጥ ስለ ምን አልቻልህም፣ በገባህ በአንድ ዓመት ውስጥስ ስለ ምን አላመለከትህም እየተባለ ይመረመራል። የመንግሥት ጠበቃ ይጠይቀዋል፤ ዳኛውም ይጠይቀዋል። ለእርሱ ግን መንግሥት ጠበቃ አያቆምለትም።

ለእነዚህ ሰው አስቦ ይዘጋጃል፤ ብዙውን የሚያሰናክለው ሳያስብበት የሚመልሰው ነው። ኅዳር 12 ቀን 2008 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 22 ቀን 2015 ነው። የዚያው የ2008 ዓ.ም. ጥር ግን በነርሱ 2016 ውስጥ ይውላል። ሰባት ብቻ መደመር የለመደ ሰው በኅዳር ታስሮ በጥር ቢፈታ፣ ሳይታሰር የተፈታ ሆኖ ይጻፋል። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በሬ ተሰበረ» ያለውንም አስተርጓሚው ቃል በቃል ከመለሰው፣ በእንቅልፍ ሰዓት የሆነው ነገር በራት ሰዓት የሆነ ይመስላል።

ስሙም እንዲሁ ነው። የአባቱን ስም እንደ ቤተ ሰብ ስም ይቆጥሩትና፣ ሚስትህና ልጅህ ስለ ምን በሌላ ስም ይጠራሉ ይሉታል። የትውልድ ቦታውማ፣ ባንዱ ወረቀት በጌምድር፣ በሌላው ጎንደር ክፍለ ሀገር፣ በአዲሱ ደቡብ ጎንደር ተብሎ ይገኛል፤ አገሩ ሳይንቀሳቀስ ስሙ ሦስት ሆኗል።

በ1997 ዓ.ም. በዚያ አገር የወጣው ሕግ፣ ከነገሩ ሥር የራቀ የቃል መጋጨት እንኳ ቢሆን ዳኛው አመልካቹን ላለማመን ምክንያት እንዲያደርገው ይፈቅዳል። ይኸው ሕግ ሁኔታው በጠቅላላው እንዲታይ ያዝዛልና መንገዱ ጨርሶ አልተዘጋም። ቢሆንም ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ሰምቶ የማያውቅ ዳኛ፣ ማስረዳት ካልቀደመው፣ የሚያየው ውሸት ነው። ስለዚህ አመልካቹ ቀኑን በአገሩ አቆጣጠር ተናግሮ፣ ይህ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ብሎ ማስመዝገብ ይበጀዋል፤ በቃሉ እየደመረ መመለስ አይበጀውም። ቀኑን በትክክል የማያስታውስ እንደሆነም አላስታውስም ማለት ነውር የለበትም።

ነገሩ በየመሥሪያ ቤቱ ለምንቀመጠው ሰዎችም ሩቅ አይደለም። የልደት ማስረጃው፣ የእስር ወረቀቱ፣ የሐኪም ማስረጃው የሚወጣው ከእኛ ጠረጴዛ ነው። «በዓመቱ መጀመሪያ ገደማ» ተብሎ የተጻፈ፣ ወይም ማኅተም እንጂ ቀን የሌለው ደብዳቤ፣ ከዓመታት በኋላ ባሕር ማዶ ተተርጉሞ ሲነበብ፣ ያን የጻፈው ጸሐፊ ተጠርቶ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ባለ ጉዳዩ ነው።