አረንጓዴ ሁሉ ሀገር በቀል አይደለም

የዛሬው ርዕሳችን የሀገር በቀል ዕፅዋት ካርታ ነው።

እስቲ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ቀና በሉ። ተራራው አረንጓዴ ነው። ነገር ግን ብዙው በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ሀገር በቀሎቹ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ግን እዚህም እዚያም ነው የሚገኙት። ታዲያ ካርታው ሲሠራ ሳተላይት እንዴት ይለያቸዋል?

ጥምቀትን በጃን ሜዳ አስቡ። ከሩቅ ሲታይ ሕዝቡ ሁሉ ነጭ ለባሽ ነው። ቀረብ ስትሉ ግን የነጠላው ጥለት ይለያያል። ዛፎችም እንዲሁ ናቸው። ለዓይናችን አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቢመስሉም፣ ዓይናችን የማያየውን ብርሃን የሚያንጸባርቁት በየራሳቸው መጠን ነው። ሳተላይቱ ይህን ይመዘግባል። የበጋና የክረምት ምስሎች ሲነጻጸሩ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል።

ይሁን እንጂ ምስል ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ የመሬት አጠቃቀም መረጃ ይጨመርበታል። የቱ ታረሰ? የቱ ተከለለ? የቱስ ተተከለ? ለምሳሌ በጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የባሕር ዛፉ ቦታ ለሀገር በቀል ዛፎች እየተለቀቀ ነው። ባሕር ዛፉ ሲቆረጥ፣ በቦታው የተተከለው ገና ጉልበት የማይደርስ የጥድ ችግኝ ከላይ አይታይም። መረጃው ከሌለ ካርታው «እዚህ ደን ጠፋ» ብሎ ያሳስተናል።

በመጨረሻም ባለሙያው በእግሩ ሄዶ፣ ቅጠሉን በእጁ ይዞ ያረጋግጣል።

እንግዲህ የሀገር በቀል ዕፅዋት ካርታ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፦ የቀረውን የት እንደምንጠብቅ፣ የጠፋውን የት እንደምንተክል ያሳየናል።