ሱስ አመል ነው ወይስ ሕመም?



እኛ የሒሳብ ክፍል ሰዎች ስለ ሱስ መናገራችን አይግረማችሁ። ነገሩን መጀመሪያ ያየነው በቁጠባ መዝገባችን ላይ ነው። አረቄ አውጥታ በመሸጥ ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እህታችን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሳምንት ሳታጓድል ስትቆጥብ ቆይታ በድንገት አቋረጠች። እኛም በደንባችን መሠረት ቅጣት ጻፍንባት። «ሰነፈች» ያልንም አለን። ቤቷ ሄደን ስንጠይቃት ግን፣ ጠዋት አረቄ ካልቀመሰች እጇ እየተንቀጠቀጠ እሳት እንኳ መለኮስ እንደማትችል ነገረችን። ይህን ዛሬ የምንናገረው በእሷ ፈቃድ ነው።

ሱስ የአመል ብልሹነት ብቻ አይደለም። መጠጡ ወይም ጫቱ ሲደጋገም አእምሮ ይለምደዋል፤ ከዚያ በኋላ «ተዪ» ማለት ብቻውን አይበቃም።

ታዲያ በምን ይታወቃል? የጠጣ ሁሉ ሱሰኛ አይባልም። የደም ምርመራም ብቻውን አይለየውም፤ ባለሙያው ጠይቆና አይቶ ነው የሚወስነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያ 11 ምልክቶችን ይዘረዝራል። ከነዚህም መካከል ካሰቡት በላይ መጠጣት፣ ለመተው ሞክሮ አለመቻል፣ ከፍተኛ አምሮት፣ መጠኑን እየጨመሩ መሄድ፣ ሲቀር መንቀጥቀጥና ማላብ፣ ጉዳቱን እያወቁ መቀጠል ይገኙበታል። በ12 ወር ውስጥ 2 ወይም 3 ምልክት ከታየ ቀላል፣ 4 ወይም 5 ከሆነ መካከለኛ፣ 6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል።

አንድ ነገር አደራ እንላለን። ብዙ ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣን ሰው «ከዛሬ ጀምሮ አቁም» ብላችሁ ቤት አትዝጉበት። በድንገት ሲቆም የሚጥል በሽታና መቃዠት ሊያስከትል፣ ለሞትም ሊያደርስ ይችላል። መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ከዚያ እንደ አማኑኤል ወዳሉ የአእምሮ ሆስፒታሎች ሊላክ ይችላል።

እህታችን አሁን ሕክምና ጀምራለች። ሆኖም አረቄ ማውጣቱን ካልተወች መዳኑ ይከብዳታል፤ ከተወች ደግሞ ልጆቿ የሚበሉት ያጣሉ። ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን፦ የጻፍንባት ቅጣት ይሰረዝ፤ ሌላ ሥራ የምትጀምርበት አነስተኛ ብድር ይፈቀድላት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የሚደብቀው ግን የሚፈርድበት ሲበዛ ነው። እኛም ፈርደን ነበርና ይቅርታ ጠይቀናታል።