ያገለገለ ተጎታች ቤትን የባትሪ መስመር ስለ መለየት
ለሰበካ ጉባኤያት ተወካዮች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ሠራነው ብቻ ሳይሆን ስለ ተሳሳትነውም ነው። ከአሜሪካ በእርዳታ የተገኘ ያገለገለ ተጎታች ቤት እጃችን ሲገባ ደስታችን ታላቅ ነበር። በመኪና እየተሳበ ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ የሚሄድ፣ አልጋ፣ የውኃ መሳቢያና መብራት ያለው ክፍል ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቦታ ለጤና ትምህርትና ለምርመራ እንዲያገለግል አሰብን። ነገር ግን ሁለቱ ባትሪዎች ተነቅለው ለብቻቸው ተቀምጠዋል፤ ከመጎተቻው አጠገብም ጥቁርና ነጭ ሽቦዎች ተቆርጠው ተንጠልጥለዋል። የነቀላቸው ሰው የቱ ከየት እንደ ነበር ያውቅ ነበር፤ ግን አልጻፈውም።

ከመካከላችን የመኪና ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ባልደረባ ነበር። በመኪና ላይ ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ስለሆነ፣ እርሱም እኛም ሳንጠራጠር ጥቁሩን ሽቦ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አሰርነው። ወዲያው ብልጭታ ታየ፤ የቻርጀሩ ሁለት ፊውዞች ተቃጠሉ። በአሜሪካ በሚሠሩ ተጎታች ቤቶች ግን ብዙውን ጊዜ በ12 ቮልቱ መስመር ጥቁሩ ፖዘቲቭ፣ ነጩ ኔጌቲቭ ነው። ፊውዞቹ ቀድመው ባይቃጠሉ ኖሮ የሚቃጠለው መሣሪያው፣ ምናልባትም ቤቱ በሆነ ነበር። በቀጠሮው ቀን እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሲጠብቁን እኛ ፊውዝ ፍለጋ ስንዞር ዋልን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው በእኛ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ከመጀመሪያው ጀመርን። በቅድሚያ ሽቦውን ሁሉ ከባትሪ አላቀን፣ ፎቶግራፍ አነሣን፣ በወረቀት ላይ ነደፍን። ቀጥሎም የትኛው ሽቦ ከተጎታቹ ሻንሲ ጋር እንደሚገናኝ በቴስተር ፈተሽን፤ ነጩ ሆኖ ተገኘ። ጥቁሩን ስንከተለው ወደ ፊውዝ ሳጥኑ አደረሰን። ቀለም ይጠቁማል፤ የሚያረጋግጠው ግን መለኪያ ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ ባትሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ትልልቅ ስለሆኑ እያንዳንዳቸው የ12 ቮልት መስለውን ነበር፤ ያላቸው ግን ሦስት ሦስት ክዳን ብቻ ነው። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ አንዱ ክፍል 2 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ፣ ሦስት ክፍል ያለው የ6 ቮልት፣ ስድስት ክፍል ያለው የ12 ቮልት ነው። ስለዚህ ሁለቱን በተከታታይ አሰርናቸው፤ ማለትም የአንዱን ኔጌቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ ጋር አገናኝተን በቀሩት ሁለት ጫፎች 12 ቮልት አገኘን። የ12 ቮልት ባትሪዎች ቢሆኑ ኖሮ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ፣ በትይዩ ይታሰሩ ነበር። እነዚያን በተከታታይ ማሰር 24 ቮልት ሰጥቶ አምፖሉንና የውኃ መሳቢያውን ያበላሻል።

እዚህ ላይ የሒሳብ ሹሞቻችን ያስተውሉልን። በተከታታይ ሲታሰሩ የሚደመረው ቮልቱ እንጂ አምፔር ሰዓቱ አይደለም። እያንዳንዳቸው 6 ቮልትና 220 አምፔር ሰዓት የሆኑ ሁለት ባትሪዎች 12 ቮልትና 220 አምፔር ሰዓት ይሆናሉ፤ ይህም 2,640 ዋት ሰዓት ነው። ዕድሜያቸው እንዳያጥር ግን ከግማሹ በላይ ባንጠቀም ይመረጣል። ለጥቂት ሰዓታት ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.1 ገደማ ከሆነ ተጋምሷልና ይሞላ።

ሁለት ነገሮች ደግሞ የሰው ሕይወትን ይነካሉ። የመጀመሪያው ተጎታቹ በጉዞ ላይ ከመኪናው ቢላቀቅ ፍሬኑን በራሱ የሚያስይዘው መሣሪያ ነው። ኃይሉን የሚያገኘው ከተጎታቹ ባትሪ ስለሆነ፣ ሽቦው በቀጥታ ከባትሪው ይነሣ፤ በባትሪው ማጥፊያ በኩል ካለፈ ማጥፊያው በተዘጋ ጊዜ ፍሬኑም አይኖርም። ይህ በአገራችን ቁልቁለቶች ምን ማለት እንደ ሆነ ለእናንተ አይነገርም። ሁለተኛው ቻርጀሩ ነው። መለያው 120 ቮልት ይላል፤ የአገራችን መስመር ግን 220 ቮልት ነው። ስለዚህ ተስማሚ ማውረጃ ትራንስፎርመር ሳይኖር፣ ወይም 220 ቮልት በሚቀበል ቻርጀር ሳይተካ፣ ከግድግዳ ሶኬት ፈጽሞ አይሰካ።

ሥራውን ለሚነኩ ሁሉ የምንሰጠው ማሳሰቢያ አጭር ነው። ሲፈታ ኔጌቲቩ መጀመሪያ፣ ሲታሰር ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሁን። ፖዘቲቩ ሽቦ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይኑረው። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይውለቅ፤ በአንገት ያለ የብረት መስቀልም በልብስ ውስጥ ይከተት፤ ሁለቱን ጫፎች ከነካ ይግላልና። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ጋዝ ስለሚያወጣ ሳጥኑ አየር ያግኝ፤ ሻማም ሆነ ጧፍ አይቅረበው። አሲድ ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ ዓይን ከሆነም ሰውየው ወደ ሐኪም ይሂድ። ያረጀ ባትሪ እርሳስ ያለበት ስለሆነ በሜዳ አይጣል፤ በምንጭ አጠገብም አይቀበር።

ከሁሉ በላይ የምንለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ሰበካ ጉባኤያችሁ ተጎታች ቤትም ሆነ የፀሐይ ብርሃን መብራት ሲረከብ የባትሪው መስመር ንድፍ አብሮ ይጻፍ። አንዱ ቅጂ በባትሪው ሳጥን ክዳን ላይ ይለጠፍ፤ ሌላው በጽሕፈት ቤቱ ከንብረት መዝገቡ ጋር ይቀመጥ። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ሽቦ እንደ ነካም ይመዝገብ። የእኛ ንድፍ ዛሬ በክዳኑ ላይ አለ፤ ባልደረባችን ወደ ሌላ ሥራ ቢዛወርም የሚተካው ሰው በብልጭታ አይማርም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ከእኛ ስሕተት ተምራችሁ የእናንተን ንብረትና ሰዎች ጠብቁ።