ስለ ክፍት ምንጭ ፕሮግራሞችና ስለ ተጠቃሚዎች አቤቱታ



ክፍት ምንጭ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከተጻፈበት ኮድ ጋር ለሁሉ የሚሰጥ፥ የፈቀደም ሰው ሊያርመውና ሊያሻሽለው የሚችል ነው። ይህ በጎ ነገር ቢሆንም አንድ ችግር ያስከትላል። ይኸውም ተጠቃሚው እጅግ ብዙ ሲሆን ሠሪዎቹ ጥቂቶች፥ ብዙዎቹም ያለ ደመወዝ የሚደክሙ መሆናቸው ነው። ታዲያ ከየአቅጣጫው የሚጎርፈውን አቤቱታ እንዴት ይቀበሉት?

ለምሳሌ የሥዕልና የአኒሜሽን መሥሪያ የሆነውን ብሌንደርን እንመልከት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. ባለቤቱ ኩባንያ ሲዘጋ፥ ሆላንዳዊው ቶን ሮዘንዳል ከወዳጆቹ በሰባት ሳምንት 100,000 ዩሮ አሰባስቦ ፕሮግራሙን ነፃ አወጣው። ስለዚህ ተጠቃሚዎቹ ባዕዳን አልነበሩም።

በዚህ ፕሮግራም አንድን ነገር ለመምረጥ የሚጫኑት የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ነበር። በሌላ ፕሮግራም ግራውን የለመደ አዲስ ገቢ ይቸገር ነበር፤ ነባሮቹ ደግሞ «እጃችን የለመደው አይነካብን» ይሉ ነበር። ክርክሩ ለዓመታት ከቆየ በኋላ፥ በ2019 ዓ.ም. በወጣው 2.80 እትም ግራው መደበኛ ሆነ። ቀኙም አልተሻረም፤ ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ተጠቃሚው የሚሻውን እንዲመርጥ ይጠይቀዋል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ሕመሙን መናገር የበሽተኛው ነው፤ መድኃኒቱን መቀመም ግን የባለሙያው ነው። ተጠቃሚው «እዚህ ላይ ቁልፍ ጨምሩ» ሲል፥ ብልህ ሠሪ «ምን ስትሠራ ተቸገርህ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ቁልፉን ወዲያው አይጨምርም። እያንዳንዱ ጭማሪ ለዓመታት መጠበቅና መታረም የሚያሻው ሸክም ነውና። የማይፈጸመውንም ጥያቄ ምክንያቱን ገልጾ በአክብሮት መመለስ ይገባል፤ ዝምታ ከእምቢታ ይልቅ ያስቀይማል።

ቅሬታ ሲበረታ መለያየትን ያመጣል። በ2011 ዓ.ም. ጂኖም 3 የቀድሞ መልኩን ለውጦ ሲወጣ፥ ቅር የተሰኙ ወገኖች የቀድሞውን ኮድ ይዘው ማቴ የተባለውን አቋቋሙ። ይህን ማድረግ መብታቸው ነበር፤ ነገር ግን ጥቂቱ የሰው ኃይል ለሁለት ተከፈለ።

እንግዲህ አድማጮቼ፥ እናንተም በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ስትገለገሉ ችግራችሁን በትክክል ጻፉ፤ ምን እንዳደረጋችሁ፥ ምን እንደጠበቃችሁ፥ ምንስ እንደገጠማችሁ አስረዱ። ገንዘብ ያላዋጣ ሰው እንኳ በዚህ የሥራው ተካፋይ ይሆናል።