ሌንሱም እንደ ምስክር ይፈተናል
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው ሁሉ አንድ አባወራ ሲያርፍብን ድንኳን እንተክላለን፤ ቀብረን ሐዘንተኛውን እናጽናናለን። ታዲያ ከዐርባው በኋላ ብዙ ጊዜ የሚከተል ሌላ ጣጣ አለ፤ እሱም የወሰን ነገር ነው። ወሰኑን አጥርቶ የሚያውቀው ሟቹ ነበርና ለሚስቱና ለልጆቹ ማን ይመስክርላቸው? በዛሬው ጊዜ ከምስክሮቹ አንዱ ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶግራፍ ሆኗል። ስለዚህ ይህ ምስክር ራሱ እንዴት እንደሚፈተን ጥቂት ልንናገር ወደድን።

በፊልሙ ዘመን ለካርታ ሥራ ከተለመዱት ካሜራዎች አንዱ ዓይነት 23 በ23 ሴንቲ ሜትር ምስል የሚያነሣ፣ ከሌንሱ እስከ ፊልሙም 152 ሚሊ ሜትር ርቀት ያለው ነበር። ከመሬት 7,600 ሜትር ከፍ ብሎ ቢያነሣ፣ 50 ሜትር ርዝመት ያለው ማሳ ፊልሙ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል።

ዳኛ ምስክርን ሁለት ነገር ይጠይቀዋል፤ «አጥርተህ አይተሃል ወይ?» ይለዋል፤ «ቦታውስ የት ነበር?» ይለዋል። ሌንስም የሚጠየቀው ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው ጥራት ነው። እየቀጠኑ የሚሄዱ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ያሉበት ሰሌዳ ይነሣና፣ በ1 ሚሊ ሜትር ውስጥ ስንት ጥንድ መስመር ሳይደበላለቅ እንደሚታይ በማጉያ መነጽር ይቆጠራል። 40 ጥንድ ከተለየ፣ ባልነው ከፍታ አንዱ ጥንድ መሬት ላይ 1.25 ሜትር ነው። ሌንስ መሀሉ ላይ በርትቶ ጥጉ ላይ ሊደክም ስለሚችል መለኪያው ከመሀል እስከ ጥግ ይወሰዳል። አውሮፕላኑም ቆሞ አይጠብቅም፤ በሰከንድ 60 ሜትር እየበረረ መዝጊያው ለ1/300 ሰከንድ ቢከፈት፣ ምስሉ መሬት ላይ 20 ሴንቲ ሜትር በሚያህል ይንሸራተታል።

ሁለተኛው የቦታ ታማኝነት ነው። ሌንስ ብርሃኑን በጥቂቱ ያጣምማል። በቤተ ሙከራ ውስጥ ማዕዘናቸው አስቀድሞ የታወቀ የብርሃን ነጥቦች ይታዩና፣ እያንዳንዱ ከቦታው ምን ያህል እንደተዛነፈ በሚሊ ሜትር ሺኛ ይመዘገባል። 10 ሺኛ የምታህል መዛነፍ ባልነው ከፍታ ግማሽ ሜትር መሬት ናት! እንግዲህ አጥርቶ ያየ ሁሉ ቦታውን አልሳተም ማለት አይደለም። መዛነፉ ከተለካ በስሌት ይታረማል፤ በብዥታ የጠፋውን ግን ማንም አይመልሰውም።

ይህ ምስክር በአገራችን ትልቅ ነገር ተናግሯል። ጌቴ ዘለቀና ሃንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ በ1957 እና በ1982 በጎረቤታችን በደንበጫ አካባቢ የተነሡትን የአየር ፎቶግራፎች አነጻጽረው የተፈጥሮው ደን ከ27 በመቶ ወደ 2 በመቶ መውረዱን አሳይተዋል። ለደን ግማሽ ሜትር ምንም አይደለም። ለወሰን ግን ግማሽ ሜትር ጎረቤት ከጎረቤት ደም ያቃባል።

ለዚህም ነው በሁለተኛው ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ሥራ ላይ የታረመው ፎቶ ታትሞ ወደ ማሳው የሚወሰደው፤ ወሰኑ የሚሰመረውም ባለይዞታውና አዋሳኞቹ ባሉበት ነው። ኋላም ስሕተት ካለ እንዲታረም ለሕዝብ ዕይታ ይቀርባል። ፎቶው ቦዩንና ዳሩን ያያል እንጂ የማን እንደሆነ አያውቅም፤ ዛፍ ያጠላበትንም አያይም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃችኋለን። አንደኛ፣ በሕይወት ሳለን ሚስቶቻችንንና ልጆቻችንን ይዘን ወሰናችንን እንዙር። ሁለተኛ፣ ባሏ የሞተባት አባላችን መሬት ሲለካ ወሰኑን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ከዕድሩ አብረዋት ይቁሙ። ሌንሱ ተፈትኖ ይመስክር፤ እኛም ሳንፈራና ሳናዳላ እንመስክር።

ለከርሞ በሰላም ያድርሰን።