ሱስን ለሚያክም መድኀኒት ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ
(በመካነ ሰላም ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተነገረ)



ስለ ሱስ እንናገራለን ባልን ጊዜ ስለ ጫት መስሏችሁ የመጣችሁ ትኖራላችሁ። ስለ ጫት በወሎ ብዙ ተብሏል። እኛ የምንናገረው በኪስ ስለሚዞረው ስለ ትራማዶል፣ ይልቁንም በእርሱና በመሰሎቹ የተያዘ ሰው በመድኀኒት ሲታከም ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ ነው።

ትራማዶል የኦፒየም ወገን የሆነ የሕመም ማስታገሻ ነው። አጥንቱ ለተሰበረ፣ ቀዶ ጥገና ለተደረገለት ይታዘዛል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት እስከ ደሴ በዘለቀበት አገር ደግሞ ሥቃይ ያልለቀቀው ሰው ጥቂት አይደለም። ያለ ሐኪም ማዘዣ ሊሸጥ አይገባም፤ ዳሩ ግን ድካም ያጠፋል፣ ለጥናት ያበረታል እየተባለ የሚዋጥበት ጊዜ አለ። ለአዋቂ ሰው በቀን ከ400 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም፤ ከዚያ ሲበዛ አንቀጥቅጦ ይጥላል። ለሳምንታት የዋጠው ሰው በድንገት ቢያቆም ሐራራው ይነሣበታል፤ ያልበዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ እግሩን ይቆረጥመዋል፣ እንቅልፍ ይነሣዋል። እንግዲህ «ወንድ ከሆንህ ቁርጥ አድርገህ ተው» የሚለው ምክር ከዚህ ሕመም ጋር ብቻውን መተው ነው። ሐኪም ቢያየው መጠኑን ቀስ በቀስ ሊቀንስለት፣ ሱሱ ከጠናም ሌላ መድኀኒት ሊያዝለት ይችላል።

ይህ ሌላ መድኀኒት ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን ነው። ቪንሰንት ዶልና ማሪ ኒስዋንደር የተባሉ ሐኪሞች በኒው ዮርክ የሄሮይን ሱሰኞችን በሜታዶን ማከማቸውን በ1957 ዓ.ም. በጽሑፍ አወጡ። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም በ1997 ዓ.ም. ከመሠረታዊ መድኀኒቶች ዝርዝር አግብቷቸዋል። ጎረቤታችን ኬንያም በ2007 ዓ.ም. የሜታዶን ሕክምና ጀምራለች።

«ሱስን በሱስ መለወጥ አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። እውነት ነው፣ ሁለቱም የዚያው ወገን ናቸው። ነገር ግን በሰውነት ውስጥ ብዙ ሰዓት ስለሚቆዩ በቀን አንድ ጊዜ የተወሰዱ እንደሆነ ሐራራውን ይዘው፣ ሳያሰክሩ፣ ሰውዬው እንዲሠራና እንዲማር ያደርጉታል። የስኳር በሽተኛ በየቀኑ ኢንሱሊን ቢወጋ ሱሰኛ ነው ያለው የለም።

አደጋውም ያለው በዚያው ብዙ በመቆየቱ ላይ ነው። የዛሬው ሜታዶን ሲዋጥ የትናንቱ ገና አላለቀም። ስለዚህ ሐኪም ከ20 እስከ 30 ሚሊግራም ጀምሮ በዝግታ ያሳድገዋል። በሦስተኛው ቀን «አልበቃኝም» ብሎ በራሱ የጨመረ ሰው በእንቅልፉ ላይ እስትንፋሱ ሊቆም ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እጅግ የሚያስፈሩትም ለዚህ ነው። አረቄ ወይም ዳያዜፓም ሲጨመርበት ይብሳል። በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ሪፋምፒሲን የጀመረ ሰው ደግሞ ሜታዶኑ ቶሎ እያለቀ ሐራራ ይይዘዋል፤ ሳይጨምር ለሐኪሙ ይንገር። ቡፕረኖርፊን እስትንፋስን በማፈን ረገድ የቀለለ ነው፤ ከምላስ ሥር ይቀመጣል እንጂ አይዋጥም፣ ሐራራው ሳይጀምር የተወሰደ እንደሆነም ራሱ ሐራራ ይቀሰቅሳል።

ጾምን በተመለከተ፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ በመሆኑ ከሐኪም ጋር ተስማምቶ ሰዓቱን ከአፍጥር በኋላ ወይም ጾም ከሚፈታበት ሰዓት በኋላ ማድረግ ይቻላል። ትናንት ያመለጠውን ዛሬ ደርቦ መውሰድ ግን ፈጽሞ አይገባም። ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ያቋረጠ ሰው ሰውነቱ ልምዱን ስለሚለቅ የቀድሞ መጠኑ ሊገድለው ይችላል፤ ሐኪም ሳያየው አይጀምር። ነፍሰ ጡርም በራሷ ፈቃድ አታቋርጥ። መድኀኒቱ በቤት ካለ በቁልፍ ይቀመጥ፤ የአዋቂ አንድ ጊዜ ሜታዶን ሕፃን ይገድላል።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንምጣ። በየቀኑ የሚወሰድ መድኀኒት በደሴ ቢገኝ ከዚህ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የወግዲ ወይም የከላላ ገበሬ በክረምት ጭቃ በየቀኑ አይመላለስም፤ ሲያቋርጥ ደግሞ ያ የተናገርነው አደጋ ይደርስበታል። ይህ መላ የሌለው ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ አሜሪካ የረጉ ታካሚዎች እስከ 28 ቀን የሚበቃ ሜታዶን ወደ ቤታቸው እንዲወስዱ ፈቀደች። በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ ቡፕረኖርፊንም በ2010 ዓ.ም. በዚያው አገር ተፈቅዷል። ለእንደኛ ያለ ደጋ የሚስማማው፣ በእኛ ሐሳብ፣ ይህ መርፌ ነው፤ ዋጋው ግን ገና ለድኻ አልወረደም። ስለዚህ ይህ ሕክምና ለአገራችን ሲታቀድ የገጠሩ ሆስፒታል ከመጀመሪያው እንዲታሰብ የጤና ትምህርት የምንማር ሁላችን መጠየቅ አለብን።

መምህራንን አንድ ነገር እንለምናለን። በፈተና ሰሞን የሚያልበውና የሚንቀጠቀጠው ተማሪ ሁሉ ያላጠና አይደለምና ወደ ክሊኒክ ላኩት እንጂ አታሳፍሩት። የመኝታ ቤት ጓደኞች ደግሞ ጓደኛችሁ ሲቀሰቀስ አልነቃ ካለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ትንፋሹ ከራቀ፣ «ይተኛ» ብላችሁ አትለፉት። እየተነፈሰ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፤ ትንፋሹ ከቆመ አፍ ለአፍ ተንፍሱለት፤ ሌላው ሰው ሮጦ የጤና ባለሙያ ይጥራ። ናሎክሶን የተባለው መርፌ ሊመልሰው ይችላል፤ ነገር ግን ከሜታዶኑ ቀድሞ ያልቃልና፣ የነቃውን ሰው ከሆስፒታል ይዛችሁት አትውጡ፤ ሌሊቱን እዚያው ይደር።